የበረንዳው መዝገብ፦ ከግንቦት እስከ ጥር

ግንቦት፣ ሦስተኛ ሳምንት

ነገሩን የቀሰቀሰው የፋሲካ ዶሮ ወጥ ነው። ጎንደር ፒያሳ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከሱቄ ማዶ ያለው በረንዳ ላይ ሁሌም ሰው ያድራል። የፋሲካ ዕለት ወደዚያ በረንዳ አራት ቡድን ተራ በተራ ምግብ ይዞ መጣ። ሰንበቴዎች መጡ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጡ፣ አንድ ሆቴል ላከ፣ ማታ ደግሞ ከውጭ ብር የተላከላቸው ልጆች በሚኒባስ ጭነው መጡ። የተረፈውን ውሻ በላው። ማክሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ከዚያው በረንዳ ሁለት ልጆች መጥተው «ጋሼ፣ የዳቦ» አሉኝ። ሰኞን ሙሉ ምንም አልቀመሱም።

እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። የሞተ መመዝገብ፣ መዋጮ መሰብሰብ፣ ያልከፈለን መቅጣት ነው ሥራዬ። ለእድሩ ዳኛ «ጋሼ፣ እዚህ ከተማ ምግብ አልጠፋም፤ የጠፋው ቀን ነው» አልኳቸው። ሳቁና «ታዲያ ቀኑን ጻፈዋ! ጸሐፊ አይደለህ?» አሉኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ለመጀመሪያው ስብሰባ ሰባት ሰው መጣ። ከጤና ጣቢያ አንዲት ሲስተር፣ ከሰንበቴው ሁለት እናቶች፣ ከመስጊዱ ጀመዓ አንድ ወጣት፣ አንድ ባለ ባጃጅ፣ ዳኛውና እኔ። ወጪ፦ ሻይ በዳቦ 210 ብር፣ ከኪሴ። ግማሹ ሰዓት ያለቀው «ምን ብለን እንጥራቸው» በሚል ነው። «ጎዳና ተዳዳሪ» ልንል ስንል ባለ ባጃጁ አንድ ሽማግሌ ያሉትን ነገረን፦ «ጎዳና ምን አለውና ያስተዳድረኛል? እኔ በረንዳ ነው የማድረው»። በረንዳ አዳሪ ብለን ጻፍን፣ አለቀ።

አንድ ነገር ከወዲሁ። እዚህ ማስታወሻ ላይ የማንንም ስም አልጽፍም። የመዝገብ ቁጥራቸውን ብቻ ነው የምጠቀመው። ለምን እንደሆነ ጥር ላይ ስንደርስ ይገባችኋል።

ግንቦት፣ አራተኛ ሳምንት

ቆጠራ። ማታ ባጃጅ ስለማይሠራ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ወጣን። በአራት ቡድን ተከፋፈልን፦ ፒያሳ፣ ጃንተከል ዙሪያ፣ መናኸሪያው፣ ቅዳሜ ገበያ። ማራኪንና አዘዞን አልነካንም፤ አቅም የለንም። የቤተ ክርስቲያን በሮችን ሰንበቴዎች ያዙ።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ሸራ ሥር የተኛን ሰው ቀስቅሰህ «ስምህ ማነው» አትልም። ስለዚህ ተስማምተን እግር ቆጠርን። እግር ለሁለት ሲካፈል ሰው ይሆናል፣ አይደል? አንድ ሸራ ሥር ግን ሰባት እግር ወጣ። ግማሽ ሰው የት እንጻፍ? በማግስቱ ስንጠይቅ አንደኛው ድሮ ወታደር የነበሩ አባት ናቸው፤ አንድ እግራቸው ጦርነት ላይ ቀርቷል። መዝገቡ ላይ ቁጥር 14 ናቸው። «የእኔን ግማሽ እንኳ አላሳለፋችሁም» ብለው ሳቁብን።

በእግር 104 ሰው ሆነ። ከዚያ በሳምንቱ ቀን ቀን እየዞርን በስም መዘገብን። ስሞቹን ኤክሴል ላይ ሳስገባቸው ደግሞ 93። ልጆቹ የኳስ ተጫዋች ስም ሰጥተውናል፤ ሁለት ሮናልዶ አለኝ። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ የፊደሉ ጣጣ ነበር። አንዱ መዝጋቢ «ኃይሉ» ይላል፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሃይሉ»። እኛ ስናነበው አንድ ሰው ነው፤ ለኤክሴል ግን ሦስት ሰው ነው። «ፀሐይ» የምትባል አንዲት ሴት በአራት ዓይነት አጻጻፍ አራት ቦታ ገባች፤ አራት ጊዜ ምሳ ልትበላ ነበር።

መፍትሔው፦ ከስሙ ጎን ሌላ ዓምድ ከፈትኩ። እዚያ ዓምድ ላይ ሐም ኀም ሃም የለም፣ «ሀ» ብቻ። ሠ የለም፣ «ሰ» ብቻ። ዐ የለም፣ «አ» ብቻ። ጸ ሁሉ «ፀ»። የኔታ ቢያዩኝ በአለንጋ ይጠብሱኝ ነበር፤ ግን ሠራ። ፍለጋው በዚያ ዓምድ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የእናት ስም ጨመርን፤ ሲስተር ናት ያመጣችው፣ የአባቱን ስም የሚዋሽ ሰው የእናቱን አይዋሽም ብላ። ለክርስቲያኖቹ የክርስትና ስም አከልን። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው 71 ሰው ሆነ።

ሰኔ

የምግብ ቀን። ከአራቱ ቡድን ሦስቱ እሑድን ነው የሚፈልጉት። እሑድ ሁሉም ሰው ሥራ ፈት ነው፤ እሑድ ጽድቅም የሚበዛ ይመስላል። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ባዶ ናቸው። ልመና ጀመርኩ፦ «እናንተ ማክሰኞን ውሰዱ»። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ማክሰኞን ወሰዱ። ጀመዓው ዓርብ ከሶላት በኋላ የነበረውን ሰደቃ ወደ ሐሙስ ለማምጣት መከረና እሺ አለ። ሰኞ እድሩ ላይ ወደቀ።

ሆቴሉ ግን አስቸገረን። ልቡ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ረቡዕ ማታ የተረፈ ጥብስ ይልካል። ረቡዕ ጾም ነው፤ ሰኔ ደግሞ የሐዋርያት ጾም ነው። ክርስቲያኖቹ አልበሉትም። እስላሞቹ ደግሞ የክርስቲያን እጅ ያረደውን አይበሉም። ሥጋው ለሁለት ሰው ብቻ ሆነ፤ ሁለቱም «እግዜር ይቅር ይላል» የሚሉ ጎረምሶች። ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣን፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ቂንጬ በዘይት። ሽሮ ሁሉንም ያስታርቃል።

ወጪ። እኛ ሰፈር እንጀራ 22 ብር ገብቷል። ለ71 ሰው ሁለት ሁለት ቢሆን ለአንድ ቀን እንጀራ ብቻ 3,124 ብር ነው፣ ወጡ ሳይቆጠር። እድሩ ይህን በየሳምንቱ አይችልም። የሰኞውን ወደ በሶ ቀየርነው። ለማብሰያ እንጨት አያስፈልግም፣ በዝናብ አይበላሽም፣ ሰውየው በፌስታል ይዞ ሄዶ ማታ መብላት ይችላል። እናቶቹ ገብሱን ራሳቸው ቆሉ፣ ወፍጮ ቤቱ ግማሽ ዋጋ አስከፈለን። በሳምንት ወደ 1,300 ብር ወረደ። ከዳቦ ቤት ማታ የቀረ ዳቦ በባጃጅ ይመጣል።

በእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ግን ተጣላን። እኔ «ዝናብ ሲበረታ ድንኳኑን እንትከልላቸው» አልኩ። እድሩ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፤ ሰው ካልሞተ ሁሉም ዕቃ ቤት ነው የሚቀመጠው። አንድ አባት ተነሡና «ድንኳን የሐዘን ነው፤ ሳይሞቱ ድንኳን ብትጥልባቸው ሟርት ነው» አሉ። ግማሹ አጨበጨበ። ድንኳኑ ቀረ። በምትኩ በየወሩ በአባል 15 ብር ጭማሪ አስወሰንን። 212 አባል፣ 3,180 ብር በወር። ሁሉም ከከፈለ ማለት ነው፤ ሁሉም እንደማይከፍል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሐምሌ

ትልቁ ስህተቴ እዚህ ነው። ካናዳ ያለ የአክስቴ ልጅ ከጓደኞቹ ሰብስቦ ብር ላከ። 40 ብርድ ልብስ በ850 ብር ገዛን፣ 34,000 ብር። ቅዳሜ ማታ አደልን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ደስ አለን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ስወርድ ያንኑ ቡናማ ብርድ ልብስ አየሁት። ዘጠኝ። ነጋዴው «በ300 ነው የገዛሁት፣ ለአንተ በ500» አለኝ። ደሜ ፈላ።

ቁጥር 22ን ያዝኩት። 19 ዓመቱ ነው፣ ሸክም ይሠራል። ምን አለኝ? «ጋሼ፣ ቀን የት ላስቀምጠው? ተሸክሜው ልዙር? ስሸከም ማን ሥራ ይሰጠኛል? መሬት ባስቀምጠው ይሰረቃል፣ ሲዘንብበት ደግሞ ለሦስት ቀን አይደርቅም። ሳይሰረቅ ሸጥኩት»። መልስ አጣሁ። ብርድ ልብስ ቤት ላለው ሰው ነው የሚመቸው። እኛ ሰጪዎቹ ሁላችንም ቤት አለን፤ ይህን እንዴት እናስበው?

ከዚያ ሥርዓቱን ገለበጥነው። ብርድ ልብሱ የማንም አይደለም፣ የእድሩ ነው። ማታ 12 ሰዓት ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ይመለሳል። ጠርዙ ላይ ቁጥር በክር ተሰፋ። ዕቃ ቤቱን የሚከፍቱት ቁጥር 14 ናቸው። «ለእርስዎ ቁልፉን እንስጥ?» ስንላቸው «ጥበቃ እችላለሁ፤ ይህን ያህል ዓመት ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለህ» አሉ። በወር 600 ብር እንከፍላቸዋለን። ከነሐሴ ወዲህ የጠፋው አንድ ብቻ ነው። ዕቃ ማስቀመጫ እንደሆነ ሲያውቁ ሌሎቹም ፌስታላቸውን፣ መታወቂያ ያላቸው መታወቂያቸውን፣ አንዱ ደግሞ ክራሩን አምጥተው አስቀመጡ።

ሁለተኛው ነገር ወለሉ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የሐምሌ ሲሚንቶ አጥንት ይገባል። ካርቶን አነጠፍን፣ ውሃ ጠጥቶ ገንፎ ሆነ። ማዳበሪያ ውስጥ ጭድ ሞላን፣ ለአራት ቀን ጥሩ ነበር፣ ከዚያ ሸተተና ቁንጫ አመጣ። በመጨረሻ ባለ ባጃጁ ከመጋዘኖች የሲሚንቶና የስኳር ማስቀመጫ የእንጨት ርብራብ ለመነልን። 18 አገኘን፣ ከነማጓጓዣው 2,400 ብር። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይላል፣ ውሃው በሥሩ ይሄዳል። ከላይ የተቀደደ የድግስ ምንጣፍ። እስካሁን ከገዛነው ሁሉ ዋጋውን ያወጣው ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ሱቆቹ ጠዋት እንዲነሣላቸው ይፈልጋሉ፤ ልጆቹ ራሳቸው ግድግዳ ላይ ያቆሙታል። አንዱ ባለሱቅ ግን አሻፈረኝ ብሏል፤ መብቱ ነው።

ነሐሴ

እከክና ቅማል። ሲስተር ከመጀመሪያውም «ገላ ሳይታጠቡ ብርድ ልብስ በጋራ አትስጡ» ብላ ነበር፣ አልሰማናትም። ብርድ ልብሱ በየቀኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ እከኩም አብሮ ሄደ። የልብስ ቅማል ደግሞ ማሳከክ ብቻ አይደለም፤ ተስቦና ግርሻ የሚባሉትን ትኩሳቶች ያስተላልፋል። ግርሻ ስሙን ያገኘው ለቀቀ ሲሉት ስለሚመለስ ነው። ሁለት ሰው በትኩሳት ጤና ጣቢያ ወሰድን።

ማጠቢያ ሠራን። እድሩ ዕቃ ቤት ጓሮ ላይ፦ አንድ በርሜል ለሁለት ተቆርጦ 1,400 ብር፣ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አንድ አባል በውሰት ሰጠ፣ ቆርቆሮ መጋረጃ ከቤቴ። ችግሩ ውሃው ነው። የጎንደርን ውሃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሲመጣ ሌሊት ነው፣ ሲጠፋ በሳምንት አይቆጠርም። መጀመሪያ ረቡዕን የገላ ቀን ብለን ቀጠርን። ሦስት ረቡዕ ውሃ የለም። አሁን ቀን የለውም፤ ውሃ የመጣ ሌሊት ቁጥር 14 ሮቶውን ይሞላሉ፣ በማግስቱ እንታጠባለን። ክረምት ስለሆነ ከቆርቆሮው ጣሪያ አሸንዳ አውርደን የዝናብ ውሃ ጨመርንበት፤ እንዲያውም ከቧንቧው የበለጠ ያገኘነው ከእሱ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ከሸፈ። ሰዎቹ ታጠቡ፣ ቢቢ ሎሽን የሚባለውን የእከክ መድኃኒት ተቀቡ፣ ከዚያ ያንኑ ልብስ ለበሱ። በሳምንቱ ሁሉም ያክካል። የልብስ ቅማል የሚኖረው በልብሱ ስፌት ውስጥ ነው፤ ሰውየውን ብታጥበው እሱ ቤቱ ነው ያለው። ሁለተኛው ዙር፦ ልብሱ ሁሉ ወደ ፈላ ውሃ ገባ። የቁጥር 31 የቆዳ ጃኬትም አብሮ ገባና የሕፃን ልብስ አክሎ ወጣ። 700 ብር ካሳ ከፈልን፤ ሲገባን ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ለይተን ሠራን። ጥጥና ጨርቅ ይፈላል። የማይፈላው በላስቲክ ታስሮ ቢያንስ ለሦስት ቀን ይቀመጣል፤ የእከኩ ተባይ ከሰው ገላ ርቆ ከዚያ በላይ ብዙ አይቆይም። ለቅማሉ ግን ሦስት ቀን አይበቃም፤ ለዚያ ሲስተር ሁለት ሳምንት አስደረገችን። በዚህ ጊዜ የሚለብሱት ልብስ ያስፈልጋል፣ እናቶቹ ከየቤቱ ለመኑ። አንድ ሸራ ሥር የሚያድሩት ደግሞ ሁሉም በአንድ ሌሊት ካልተቀቡ ከንቱ ነው። ለዚህም መዝገቡ ላይ «ከማን ጋር ያድራል» የሚል ዓምድ ተጨመረ።

መስከረም

ዝናቡ ሲያልፍ ስለ ቤት ማሰብ ጀመርን። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ ይጠይቁሃል። ቤት ለመከራየት መታወቂያ ይጠይቁሃል። ከሌላ ወረዳ ከመጣህ ደግሞ መሸኛ አምጣ። ቁጥር 7 ከሕፃን ልጇ ጋር ከደባርቅ በኩል ነው የመጣችው፤ መሸኛ ለማምጣት ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የሚጽፍላት ሰው ደግሞ የለም ነው መልሱ። ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። በሦስተኛው ዳኛው አብረው ሄዱ። ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ሲያዩ ሰዎቹ ወንበር አመጡ። መሸኛው በአንድ ቀን ተጻፈ። ይህ ያስደስታል ወይስ ያናድዳል? እኔ ሁለቱም ሆነብኝ።

ቁጥር 14 ደግሞ ቤት ነበራቸው። የቀበሌ ቤት ውስጥ ደባል ሆነው ለዓመታት ኖረዋል። የቀበሌ ቤት ማለት ብዙው በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ተብሎ የተወረሰው ነው፤ ኪራዩ ከገበያው በጣም ያነሰ ስለሆነ የሚለቅ የለም። ዋናዋ ተከራይ ስትሞት ውሉ ላይ ስማቸው የለም። በዚያው ሳምንት በረንዳ ወጡ። በጎዳና ያደረ ሁሉ ሰነፍ ወይ ሱሰኛ ይመስለው የነበረ አንድ የኮሚቴ አባል አለን፣ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ያ አባል እኔ ነኝ።

ካናዳ ያለው ልጅ በስልክ ስለ ፊንላንድ አጫወተኝ። ከፈረንጆች 2008 አንስቶ ለበረንዳ አዳሪ ቅድሚያ ቤቱን ይሰጣሉ፤ መጠጥ ማቆሙ፣ ሕክምናው፣ ሥራው ከዚያ በኋላ ነው። ሐሳቡ ኒውዮርክ ላይ በፈረንጆች 1992 የተጀመረ ነው አለኝ። ኮሚቴው ውስጥ ሰኔ ላይ «ጠጪ ቤት አይገባም» የሚል ደንብ ጽፈን ነበር። ሰረዝኩት። ግማሹ ኮሚቴ ተቆጣ። «እናንተስ ቤታችሁ ጠጥታችሁ አትገቡም?» ብላ የዘጋችው ሲስተር ናት።

ተያዥ ያስፈልግ ነበር። አከራይ ቢከፈለውም ተያዥ ይፈልጋል፤ በረንዳ ላደረ ሰው ደግሞ ማን ፈርሞ ይገባል? እድሩ ገባ። በማኅተም ደብዳቤ ጻፍን፦ ኪራይ ቢቀር እድሩ ይከፍላል፣ ዕቃ ቢሰበር እድሩ ይተካል። አንድ አከራይ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ «የእድር ማኅተም ካለበትማ ሞትም ቢመጣ አልፈራም» አለች። ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት፣ አንዱ 1,700 ብር፣ የሦስት ወር ቅድሚያ። 10,200 ብር። የአምስት ወር ቁጠባችን እዚያ ገባ ማለት ይቻላል።

ጥቅምት

ቁጥር 14 አንዱን ክፍል ለብቻቸው ያዙ። በዘጠነኛው ቀን በረንዳ ላይ አገኘኋቸው። ቁልፉ ኪሳቸው ነው። «አባባ፣ ምነው?» ብላቸው «ሌሊት ድምፅ የለም» አሉኝ። ይህን ያህል ዓመት ሰው መሐል ተኝቶ የኖረ ሰው ባዶ ክፍል ያስፈራዋል፤ ይህንም አላሰብነውም። ቁጥር 22ን አብረን አስገባነው። እሱ ይሸከማል፣ እሳቸው ቡና ያፈላሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። ከኅዳር ጀምሮ ከኪራዩ 500 ብር ራሳቸው መክፈል ጀምረዋል። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ቁጥር 7 ከነልጇና ቁጥር 40 አሉ። ቁጥር 40 ልጁን ትይዛለች፣ ቁጥር 7 ልብስ አጠባ ትሄዳለች። በእኛ ዕቅድ አይደለም፤ ራሳቸው ናቸው ያመቻቹት።

መዝገቡ ተምታታ። ለሰሊጥ አጨዳ 12 ሰው ወደ መተማ ወረደ። «ጠፋ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አልጠፉም፣ ሥራ ላይ ናቸው። አሁን ሦስት ቃል አለን፦ «ሥራ ሄደ»፣ «አገሩ ገባ»፣ «አልታወቀም»።

አገሩ መግባትም ጣጣ አለው። ለመጀመሪያው ልጅ የአውቶቡስ በእጁ ሰጠን፣ በአምስተኛው ቀን ፒያሳ ታየ፣ ብሩም የለም። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ቤተሰቡ ጋ ይደወላል። «ይምጣ» ካሉ ብቻ። ትኬቱን እኛ እንቆርጣለን፣ ከእኛ አንድ ሰው ይሸኛል። ስድስት ሰው ገብቷል፣ አራቱ መድረሳቸውን በስልክ አረጋግጠናል።

ቁጥር 31 ግን በእኛ ጥፋት ሄደ። ከበጎ ፈቃደኞቻችን አንዱ ምግብ ሲታደል ቪዲዮ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ቁጥር 31 ለቤተሰቡ «ጎንደር ሥራ ይዣለሁ» ብሎ ነበር የሚደውለው። እኅቱ ቪዲዮውን አየችው። በማግስቱ ከበረንዳው ጠፋ፣ እስካሁን «አልታወቀም» ነው። የቀረጸው ልጅ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ብር ይገኝበታል ብሎ ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ካሜራ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክልክል ነው። የሐምሌውንም የብርድ ልብስ ፎቶ አጠፋሁት።

ኅዳር

ኅዳር ሲታጠን ማግስት፣ ጭሱ ገና ሳይጠራ፣ ቁጥር 52 ሌሊት አረፉ። አሮጊት ናቸው፤ ከማንም ጋር አያወሩም ነበር። ፍትሐት ሲጀመር ቄሱ «ክርስትና ስማቸው ማነው?» አሉ። ማንም አያውቅም። ሱቄ ሮጬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። እዚያ አለ። ድግግሞሽ ለማጥፋት ብዬ የከፈትኩት ዓምድ ውስጥ፣ በራሴ እጅ፣ በተበላሸ ፊደል ተጽፏል። ለቄሱ በወረቀት ጽፌ ወሰድኩ፤ ፊደሉን ግን አስተካክዬ።

አባል አልነበሩም። ዳኛው ማንንም ሳይጠይቁ ድንኳኑን አወጡ። ሰኔ ላይ «ሟርት ነው» ያሉት አባት መጥተው ካስማውን መቱ። ከበረንዳ የመጡት ወደ ሃያ ይሆናሉ፣ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ንፍሮ በሉ። ወጪ፦ 4,650 ብር። በደንቡ የትኛው አንቀጽ ሥር እንደምጽፈው ዛሬም አልወሰንኩም።

ታኅሣሥ እና ጥር

ከጥምቀት ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ሰው ሱቄ መጣ። ከየት መሥሪያ ቤት እንደመጣ አልጽፍም። ትሑት ነው፣ ሻይ ጠጣን። «ጥሩ ዝርዝር እንዳላችሁ ሰማን» አለ። ጥር 10 እና 11 ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳሉ፣ ከዓለም ሰው ይመጣል። «ማን የት እንደሚያድር ብትሰጡን ለበዓሉ እናነሣቸዋለን» አለ። የት እንደሚወስዷቸው ጠየቅኩት። «ለጊዜው» አለ። ለጊዜው ደግሞ ቦታ አይደለም።

ወገቤን ፍርሃት ያዘው። ስድስት ወር ሙሉ ስንኮራበት የነበረው ዝርዝር፣ ሰውየው የሚተኛበትን ማእዘን፣ ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ የእናቱን ስም ሳይቀር ይዟል። በፍላሽ ብሰጠው በአንድ ሌሊት ሁሉንም ያገኟቸዋል። «የእድሩ ንብረት ነው፣ ያለ ጉባኤ አልሰጥም» አልኩት። ጉባኤ ለመጥራት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ዳኛው ሲያስረዱት አንድ ሰዓት ወሰደባቸው፤ ሆን ብለው ነው። ሰውየው አልተመለሰም።

በዚያው ሌሊት መዝገቡን ከፈልኩት። ለቡድኖቹ የሚሄደው ወረቀት ላይ ቁጥርና የምግብ ዓይነት ብቻ አለ። ለሲስተር ቁጥርና ሕመም። ስሙና የሚያድርበት ቦታ አንድ ደብተር ላይ በእጅ ተጽፎ ዳኛው ቤት ነው፤ ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት። ቴሌግራም ቡድኑ ውስጥ የነበረውንም ፋይል አጠፋሁ፤ ሰው ስልኩ ላይ ካወረደው ግን ምንም ማድረግ አልችልም። ሰኔ ላይ ይህን ማሰብ ነበረብኝ። ለመዝጋቢዎቹም አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ «ስምህን እንድጽፈው ትፈቅዳለህ?» የሚል ነው። ሦስት ሰው አልፈቀደም፤ ያለ ስም በሶ ይወስዳሉ።

ለጥምቀት ደግሞ ራሳችን ቡድን አቋቋምን። 14 የበረንዳ ልጆች በእድሩ ሰደርያ መንገድ ጠረጉ፣ ውሃ አደሉ፣ በቀን 200 ብር ከነጋዴዎች መዋጮ። ቁጥር 22 ምንጣፍ አንጣፊዎች ጋር ገብቶ ሁለቱን ቀን ከታቦት ፊት ምንጣፍ ሲያነጥፍ ሲጠቀልል ዋለ። ማታ ድምፁ ዘግቶ መጣ።

ጥር፣ አራተኛ ሳምንት

ሁለተኛ ቆጠራ። በጥምቀት ሳምንት ብንቆጥር ኖሮ በረንዳ ያደረውን ተሳላሚ ሁሉ እንመዘግብ ነበር፤ ስለዚህ እንግዳው እስኪሄድ ጠበቅን።

71 ነበሩ። 5 ቤት ገቡ፣ 12 ሥራ ሄዱ፣ 6 አገራቸው ገቡ፣ 8 አልታወቀም፣ 1 አረፉ። አዲስ የመጡ 19። ከመተማ የተመለሱ 7። አሁን በረንዳ ላይ 65 ሰው አለ። ሲስተር ወረቀቱን አይታ «ስምንት ወር ሠርተን ስድስት?» አለች። እኔም እንደሷ ነው የተሰማኝ። ከ65ቱ ግን 19ኙ እኛ ባንጀምር ኖሮም ይመጡ ነበር፣ እነሱ ሲመጡ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ብርድ ልብስ የት እንደሚወሰድ የሚነግራቸው ሰው ነበር።

ካዝና ውስጥ 2,870 ብር አለ። የሁለቱ ክፍል ኪራይ 3,400 ነው፣ 500ው ከእነ ቁጥር 14 ይመጣል፣ 30 ብር ይጎድላል። እሱን እኔ እሞላለሁ። ርብራቦቹ አራቱ ተሰብረዋል፣ ሚስማር ሩብ ኪሎ ያስፈልጋል። የሮቶው ቧንቧ ያንጠባጥባል። ትናንት ሌሊት ውሃ መጥቶ ነበር፤ ቁጥር 14 ሞልተውታል፣ ነገ ገላ አለ።